ቄጠማ የታሰረበት ካርቶን

በቀዳም ስዑር ረፋድ ላይ የሱሉልታው ወተት ነጋዴ ያደታ ኩምሳ ሃምሳ አምስተኛ የጾም ቀኑን ይዞ ነበር። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ዓመት፣ ክብደቱ ሰባ ሦስት ኪሎ ነበር፤ ጾሙ ሲገባ ሰባ ዘጠኝ ይመዝን ነበር። ከዓርብ ጀምሮ አክፍሎት ይዞ ውኃ እንኳ አልቀመሰም። በበረቱ ዘጠኝ የሚታለቡ ላሞች፣ በግቢው ለሦስት ቤተሰብ ቅርጫ የሚታረድ አንድ ሰንጋ፣ በራስጌው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ሃያ ሁለት ፍሬ የቀረው አንድ የመድኃኒት ካርቶን ነበረው። ቡራዩ ከሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ከዲሪርሳ ጋር በአባታቸው መሬት ወሰን ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል።

ፋሲካ አለፈ፤ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያደታ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ።

ፖሊስ ጣቢያ የደወለው ልጁ ቢኒ ነው። «አጎቴ አባቴን መርዞ ገደለው» አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ኢንስፔክተር ኤቢሴ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ስትደርስ ግቢው በለቀስተኛ መሞላት ጀምሯል። ዲሪርሳ በበኩሉ ከቡራዩ መርዶ ሰምቶ ሲመጣ በር ላይ ድንጋይ ስለጠበቀው፣ ሁለት ፖሊሶች ወደ ጣቢያ ወስደውት ነበር። መታሰር ይሁን መጠበቅ፣ ለጊዜው ስም ያልወጣለት ነገር ነበር።

ኤቢሴ ወደ መኝታ ቤቱ ብቻዋን ገባች። ሰንዳፋ የፖሊስ ሥልጠና ላይ ሳለች አንድ አስተማሪዋ «መጀመሪያ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ» ይላት ነበር። እጇን ከታ አየች።

ሟቹ በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን እስከ ደረቱ ሰብስቧል። ከአልጋው ሥር የትውከት ሳፋ አለ። ጋቢው ግራ እጁ ላይ ተገልጧል፤ ክንዱ ከሚታጠፍበት ላይ ቀይ የመርፌ ነጥብ፣ ነጥቡም ላይ የተጣበቀ የጥጥ ክር ይታያል። እጇን ከኪሷ አውጥታ ጓንት አጠለቀችና ቀኝ እጁን ገለጠች። እዚያም በዚያው ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል ሰንበር አለ፤ ይህኛው ግን ቢጫ ሆኖ ሊጠፋ ተቃርቧል። የተወጋው በአንድ ቀን አልነበረም።

መደርደሪያው ላይ ካርቶኑን አገኘችው። ዙሪያው በቄጠማ ታስሯል፤ ቄጠማው ጠውልጓል እንጂ አረንጓዴነቱ አልለቀቀውም። ፈታ ቆጠረች፤ ሃያ ሁለት ፍሬ። ሟቹ ጠንቃቃ ሰው ኖሯል፤ ፍሬ በወጣ ቁጥር በባዶው ቦታ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፎበታል። የመጨረሻው ጽሑፍ «ጸሎተ ሐሙስ» ይላል።

ሬሳው ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ከተላከ በኋላ፣ የሟቹን ባለቤት ወይዘሮ ወርቅቱን ጓዳ ውስጥ አነጋገረቻት።

«ይህ ምን መድኃኒት ነው?»

«የደም ስብ የሚሉት ነገር አለበት። የዛሬ ሁለት ዓመት በሆዱ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው የጀመረው። ቅቤም ጮማም ከለከሉት። ሁለት ዓመት ሙሉ የእሱን ወጥ ለብቻ ነው የሠራሁት።»

«ካርቶኑን በቄጠማ ያሰረው ማን ነው?»

«እሱ ራሱ። ቅዳሜ ከውጭ ሲገባ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠውን ቄጠማ ከራሱ ላይ ፈትቶ አሰረበት። ‹ወርቄ፣ ድኛለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ከሰው እኩል እበላለሁ› አለኝ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ።»

«ድነሃል ያለው ማን ነው?»

«ሐኪም ነዋ።»

«የትኛው ሐኪም?»

ወርቅቱ በሩ አጠገብ ወደ ቆመችው ልጇ ወደ ሐኒ ዞረች። ሐኒ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በከተማው አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ወለሉን ታያለች።

«አልጠየቅሁትም» አለች ወርቅቱ። «የሰው ደስታ ይጠየቃል እንዴ፣ እህቴ?»

ኤቢሴ ቤተሰቡን ሳሎን ሰብስባ ያደታ ከፋሲካ ሌሊት ጀምሮ የበላውን ሁሉ በሰዓት በሰዓት እንዲነግሯት ጠየቀች። መጻፉ ረዘመ። እሑድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቅቤው የሚንሳፈፍበት ዶሮ። ረፋዱ ላይ ጥሬ ሥጋ ከነጮማው፣ ከሰዓት ክትፎ፣ ማታ የዶሮው ቅሪት። አረቄው በየመሀሉ ነው። ሰኞ ጠዋት ዱለት በቅቤ።

«ዱለቱ ስንት ጭልፋ ይሆናል?»

«ፖሊስ ነሽ ወይስ አሳላፊ?» አለ ቢኒ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ምኑን ነው የምትመዝኚው? ሰኞ ቡራዩ ላይ አባቴን ሦስት ጊዜ ያጎረሰው ማን እንደሆነ ጠይቂኝ።»

«ማን ነው?»

«ዲሪርሳ። የዕርቅ ነው ብሎ ሙክት አርዶ ጠራን። ላቱን ጠብሶ፣ በእጁ፣ እኔ እያየሁ። ስንመለስ መንገድ ላይ ማስታወክ ጀመረ።»

«አንተስ በልተሃል?»

«ከዚያው ትሪ።»

«አመመህ?»

«ጉርሻው ለእኔ አልነበረም።»

«መኪናውን የነዳኸው አንተ ነህ። አባትህ እንዴት ተቀምጦ ነበር?»

ቢኒ ጥያቄው ግራ ገባው። «ጋቢና ነዋ። ጎንበስ ብሎ፣ ዳሽቦርዱን ተደግፎ። ‹ቀና በል እንጂ ፋዘር፣ እንደ ሽማግሌ ሆንክ› ብዬ ቀልጄበታለሁ። ‹እንዲህ ይሻለኛል፣ ከሆዴ ተነስቶ ወገቤን ይዞኛል› አለ። ሰንጋውን ሲጥል የተጎዳ መስሎኝ ነበር።»

«ይህ ስትሄዱ ነው ስትመለሱ?»

«ስንሄድ።»

ኤቢሴ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። «ከታመመ በኋላ መርፌ የወጋው ሰው ነበር?»

ወርቅቱ የለም አለች። ቢኒ የለም አለ። ሐኒም የለም በሚል ራሷን ነቀነቀች። «ማክሰኞ ማታ አዲስ አበባ እንውሰደው ብዬ ለምኜ ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሱ ለነገ ይሁን አለ።»

ከቤት ስትወጣ የሁለቱ ወንድማማቾች አባት ኦቦ ኩምሳ ከበረቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ኤቢሴ ዝቅ ብላ በኦሮምኛ «ነጋ ቡልተኒ፣ አባቴ» ብላ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው።

«ነጋ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ። የእሷን እጅ ይዘው አልለቀቁም። «ታረቁ ያልኩት እኔ ነኝ። ሳልሞት አንዳችሁ ከሌላችሁ እጅ ስትጎርሱ ልይ አልኩ። አየሁ። አሁን አንዱ ሄደ፤ ሁለተኛው እናንተ ዘንድ ነው። ገድሎት ከሆነ ንገሪኝ፤ አልቅሼ እተወዋለሁ። ካልገደለው ግን ሰልስቱ ሳያልፍ ተናገሪ። ቢኒን ሽማግሌዎች ይዘውት ያሉት እስከ ዓርብ ነው። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ የሚያዝ አይመስለኝም።»

«እስከ ዓርብ» አለች ኤቢሴ።

ጣቢያ ውስጥ ዲሪርሳ ግድግዳውን ተደግፎ አገኘችው። ወፍራም፣ ፊቱ ከወንድሙ ጋር አንድ የሆነ ሰው ነው።

«ላቱን ለምን ለእሱ ሰጠኸው?»

«ለማን ልስጠው? ስድስት ዓመት ሙሉ ያልሰጠሁት እኮ ነው።»

«እንዴት ነበር የጎረሰው?»

«አንደኛውን ዋጠው። ሁለተኛው ላይ አላበው። ሦስተኛውን በቃኝ አለ። እኔም…» መዳፉን ገልብጦ አየው። «እኔም ‹በሞቴ› አልኩት። ዓይኔን አየኝና አፉን ከፈተ።»

ኤቢሴ የሚቀጥለውን ጥያቄ ሳትጠይቅ ወጣች።

ሐሙስ ያደታ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ሬሳውን የመረመሩት ዶክተር ሽመክት ደወሉላት።

«እስካሁን ያየሁት የመርዝ ምልክት የለም» አሉ። «ቆሽቱ ግን ራሱን በልቷል። ደሙን ስቀዳው ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ነገሩ በዘር የሚመጣ ነው፤ እኔና አንቺ ጮማ ብንበላ ሰውነታችን በሰዓታት ውስጥ ከደማችን ያነሳዋል። እንደዚህ ዓይነቱ ሰው ግን ማንሳት ያቅተዋል። ሁለት ሦስት ቀን በላይ በላዩ ሲበላ፣ በተለይ አረቄ ሲጨመርበት፣ ደሙ ይወፍርና በቀጫጭን የደም ሥሮች ማለፍ ይቸገራል። ቆሽት መቆጣት የሚጀምረው ያኔ ነው።»

«ሕመሙ እንዴት ያደርገዋል?»

«ከሆድ ተነስቶ ጀርባ ይወጋል። መንጋለል አይችልም፤ ጎንበስ ሲል ትንሽ ይቀልለዋል።»

«በጊዜ ሐኪም ቤት ቢደርስ ኖሮ?»

«እንዲህ ከከፋባቸው ከአምስቱ አራቱ ይተርፋሉ። እሱ ከየትኞቹ እንደሚሆን የማውቅበት መንገድ የለኝም።»

ኤቢሴ ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ከቅዳሜ ቀትር እስከ ረቡዕ ለበዓል ተዘግቶ እንደነበር ዘበኛው ነገራት።

«በመሀል የገባ ሰው የለም?»

«ሐኒ ብቻ። ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ፣ ማሽን ላይ ሥራ አለኝ ብላ። ስትወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቆየች። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ‹ምነው ልጄ› ብላት አልሰማችኝም።»

የክሊኒኩ ባለቤት ባለበት ማቀዝቀዣው ተከፈተ። ከኋላ፣ ከሌሎች ዕቃዎች ተሸሽጎ፣ አንድ የደም ቱቦ ቆሟል። ከታች ቀይ ነው። ከላይ ከግማሽ በላይ የሆነው ነጭ ነበር። ኤቢሴ የወተት ሰብሳቢ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ አድሮ ክሬሙ የተንሳፈፈ ብዙ ጋን አይታለች። ቱቦው ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ «ያ.ኩ. ማክሰኞ 9፡20» ተጽፏል። ብትደፋው ማንም ባላወቀ ነበር። ጥሩ ባለሙያ ናት፤ ናሙና መድፋት አልሆነላትም።

ዓርብ፣ በሰልስቱ፣ ሽማግሌዎቹ ለቀስተኛውን ወደ ውጭ አስወጥተው ድንኳኑን ለቤተሰቡ ለቀቁ። ኤቢሴ ዲሪርሳን ይዛ ስትገባ ቢኒ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ተቀመጥ» አሉት ኦቦ ኩምሳ። «መጀመሪያ እንስማ።»

ቢኒ አልተቀመጠም፤ ከቆመበትም አልራቀም። ኤቢሴ መሀል ላይ ቆመች።

«ያደታን ማንም አልመረዘውም» አለች። «ቢኒ፣ ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ። አባትህ ከሆዱ እስከ ወገቡ ወግቶት ጎንበስ ብሎ የተቀመጠው ወደ ቡራዩ ስትሄዱ ነው። የአጎትህን ጉርሻ ገና አልቀመሰም። የገደለው ነገር ሰኞ ጠዋት ከዚህ ቤት ሲወጣ አብሮት ወጥቷል።»

ኤቢሴ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«ዶክተሩ እንዳሉት የሞተው ቆሽቱ ተቆጥቶ ነው፤ ያም የሆነው በሁለት ቀን የተከመረው ስብ ደሙን አወፍሮት ነው። እንግዲህ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅቤ ያልነካ ጠንቃቃ ሰው በፋሲካ ለምን በላ?» ካርቶኑን ከቦርሳዋ አወጣች። «መጨረሻ የዋጠው ጸሎተ ሐሙስ ነው። ዓርብና ቅዳሜ አክፍሎት ስለያዘ ነው ልንል እንችላለን። እሑድስ? ሰኞስ? ቄጠማው መልሱን ይነግረናል። ቄጠማ የሚታደለው ቅዳሜ ነው፤ የምሥራች ነው። ያደታ መድኃኒቱን የረሳ ሰው አይደለም፤ ድነሃል ተብሎ በደስታ ያሰረው ነው።»

«ሐኪሙ ነዋ» አለች ወርቅቱ።

«ቀኝ እጁ ላይ አራት ቀን ገደማ የሆነው የመርፌ ሰንበር ነበር፤ ቅዳሜ ማለት ነው። ግራ እጁ ላይ አንድ ቀን ያልሞላው ነበር፤ ማክሰኞ። በሁለቱም ቀን አንድ ሰው ደሙን ቀድቷል። ቤቱ ውስጥ ስጠይቅ ሁሉም የለም አለኝ።» ማቀዝቀዣ ውስጥ ያገኘችው ቱቦ በቦርሳዋ ነበር፤ አላወጣችውም። «ቀሪውን የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ። ከእኔ አፍ ከሚሰማ እሱ ቢናገረው ይሻላል።»

የድንኳኑ ሸራ በነፋስ ሲመታ ይሰማል። ወርቅቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች። ሐኒ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ቆመች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቅዳሜ ክሊኒኩ ሳይዘጋ አባዬን ጠራሁት። ለበዓል ስጦታ ይሆነዋል ብዬ። የደሙን ስብ ስለካው መቶ ስልሳ ሁለት ሆነ። ጤነኛ ሰው ከመቶ ሃምሳ በታች ነው። እሱ ሲታመም ሁለት ሺህ ነበር። ‹ደምህ ጠርቷል፣ መድኃኒቱን ተወው› አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ።» እጆቿን አጣመረች። «ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ ያልበላ፣ ከዓርብ ጀምሮ ውኃ ያልቀመሰ ሰው ነው የለካሁት። የለካሁት ጾሙን ነበር። ትምህርት ቤት ‹በሽተኛው ምን ሁኔታ ላይ እንዳለ መጀመሪያ ጻፉ› ይሉናል። አልጻፍኩም፤ አባቴ ስለሆነ።»

«ማክሰኞስ?» አለ ቢኒ።

«ማክሰኞ ሲያቃስት ጠረጠርኩ። አንተም እማዬም በረት በነበራችሁበት ቀድቼ ክሊኒክ ሄድኩ። ነጭ ሆነ። ማሽኑ ቁጥር መስጠት አቃተው። ተመልሼ እንውሰደው አልኳችሁ። እሱ ለነገ ይሁን አለ፤ እናንተም እሺ አላችሁ። ‹ደሙ ወተት ሆኗል› ብዬ ብነግርህ ተሸክመኸው ትሄድ ነበር። ግን ያንን ስናገር የቅዳሜውንም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ጠዋት እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጠዋት ሞተ። አንተ ‹ዲሪርሳ ነው› ስትል ደግሞ… ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ።»

ቢኒ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን ጉልበቱ ውስጥ ቀበረ። ወርቅቱ ወደ ልጇ አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች።

ኦቦ ኩምሳ ኤቢሴን ጠየቁ። «ማክሰኞ ማታ ብንወስደው ይተርፍ ነበር?»

«ከአምስቱ አራቱ ይተርፋሉ ነው ያሉኝ፣ አባቴ። እሱ ግን ከአራቱ ይሁን ከአንዱ የሚያውቅ የለም።»

ሽማግሌው ቁጥሩን በጣታቸው እንደሚቆጥር ሰው እጃቸውን አዩ። ዲሪርሳ ከቆመበት ተንቀሳቀሰ። ድንኳኑን አቋርጦ ሐኒ አጠገብ ደረሰና ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት፤ እሱም ከጎኗ ተቀመጠ።

«ሦስተኛውን በቃኝ ብሎኝ ነበር» አላት። «እኔም ‹በሞቴ› ብዬዋለሁ።»

ሐኒ ያን ጊዜ አለቀሰች።

ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ያለ ክስ ዘጋው። ክሊኒኩ ሐኒን ለአንድ ወር ከሥራ አገዳት። ኤቢሴ ዶክተር ሽመክት የነገሯትን ለቤተሰቡ በወረቀት ጽፋ ሰጥታ ነበር፤ ነገሩ በዘር ስለሚተላለፍ ልጆቹም ወንድሙም መመርመር አለባቸው የሚል ነው። ልጆቹ በሳምንቱ ተመረመሩ፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ዲሪርሳ ግን አልሄደም።

የሄደው የያደታ አርባ በወጣ ማግሥት ነው። ጊዜው ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ነበር። ከቡራዩ በሁለት ታክሲ መጥቶ፣ አባቱን ኦቦ ኩምሳን ክሊኒኩ በር ላይ አስቀምጦ ገባ። ሌላ ባለሙያ ሊቀበለው ሲነሳ «እሷ ትሁን» አለ። ሐኒ ሥራ ከጀመረች አራተኛ ቀኗ ነበር።

«ከበላህ ስንት ሰዓት ሆነህ?»

«አሥራ ሁለት፣ እንዳሉት። ከዚያ በፊት ግን አርባውን ቀን እንደ ልማዴ በልቻለሁ። ሳልጾም ለኪኝ ብዬ ነው።»

እጁን ዘረጋላት። መርፌዋ አንድ ጊዜ ገባ። ቱቦው ማሽኑ ውስጥ ዞሮ ሲወጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው፤ ከላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነጭ ተቀምጧል። ውጤቱን ከማሽኑ ላይ አነበበች። ከዚያ መዝገቡን ስባ መጀመሪያ «በፍስክ ወቅት የተለካ» ብላ ጻፈች፤ ከጎኑም ቁጥሩን። ስምንት መቶ ሰባ።